ባልጋን ከመግዛታችሁ በፊት ጫካ ሄዳችሁ እዩት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ቤት ገዝቷል፣ የፊት ለፊቱ ግቢ ባዶ አሸዋ ነው። «ያ አናቱ ላይ ጦር የተሰካበት የሚመስለው ዛፍ የት ነው የሚሸጠው?» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ መጀመሪያ ጫካ እንሄዳለን አልኩት። ግራ ገባው፣ ግን መጣ።

ያን ቀን ለእሱ የነገርኩትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ። ፐርዝና አካባቢዋ ለምትኖሩ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ ለምትመጡም ይጠቅማል። ዛፉ ባልጋ ይባላል። ሲነበብ «በአልጋ» ይመስላል፣ ግን የኑንጋር ሕዝብ ቃል ነው፣ የዚህ የደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ መሬት የጥንት ባለቤቶች ቃል። ሳይንሳዊ ስሙ ዛንቶሪያ ፕራይሲ ነው። ፕራይሲ የተባለው ከ1838 እስከ 1842 እዚህ ዕፅዋት ሲሰበስብ በነበረው በጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራይስ ስም ነው። ሌላው ሰው በጥቅሉ «የሣር ዛፍ» ይለዋል፣ ይሄ ስም ግን 28 ያህል ዝርያዎችን ያቅፋል፣ ሁሉም ከአውስትራሊያ ውጭ በተፈጥሮ የትም አይበቅሉም። እኔ የማወራው ስለ አንዱ፣ ስለ ባልጋ ነው።

ሰፋሪዎቹ የሰጡት ሌላ ስምም ነበረው፣ የአገሬውን ተወላጅ በቆዳው ቀለም የሚያንቋሽሽ። አሮጌ የአትክልት መጽሐፍ ላይ ታገኙት ይሆናል። አትጠቀሙበት። ባልጋ በሉት፣ በቃ።

ጅባራ አይደለም

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጅባራ መስሎኝ ነበር። ሰሜን ተራሮችን ወይም ባሌን ያየ ሰው ይገባዋል፦ ወፍራም ግንድ፣ አናቱ ላይ የተጎነጎነ ቅጠል፣ ከመሐሉ ወደ ሰማይ የሚወጣ የአበባ ዘንግ። ልቤ ወደ አገር ቤት ሄደ። ግን ዝምድና የላቸውም። ጅባራ ብርድ ላይ፣ ከፍታ ላይ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ተጠራቅሞ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ባልጋ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ ጀምሮ ይገኛል፣ አብቦም አይሞትም፣ ደጋግሞ ያብባል።

እውነተኛው የባልጋ ዘመድ ሌላ ነው። እሬት! እሬትና ባልጋ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ቅጠላቸውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ማንም አያምናችሁም፣ አንዱ ውሃ የጠገበ ወፍራም፣ ሌላው እንደ ሽቦ የቀጠነ። ግን አበባቸውን ቀርባችሁ ስታዩ፣ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ስድስት ስድስት ቅጠል ያላቸው ትንንሽ አበቦች መደርደራቸውን ስታዩ፣ ነገሩ ይገባችኋል።

የት እንደሚኖር፣ ለምን እዚያ እንደሚኖር

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ግቢ ውስጥ ባልጋ የሚገድል ሰው በአብዛኛው ይሄን ሳያውቅ የተከለ ሰው ነው።

መጀመሪያ አየሩን እንየው። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ከሌላው ስደተኛ የተሻለ ዕድል አለን። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላሉት ወገኖቻችን ጁን ማለት ሙቀት ነው። ፐርዝ ግን ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ልክ እንደ አገራችን ክረምት ናቸው፣ ዝናቡም ብርዱም ያኔ ነው። አብዛኛው ዝናብ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ይወርዳል። ከዚያ ከዲሴምበር ጀምሮ ሰማዩ ይዘጋል፣ ሙቀቱ አንዳንድ ቀን 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ለሳምንታት ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ባልጋ የተሠራው ለዚህ ነው። ክረምቱን ይጠጣል፣ በጋውን ይታገሣል።

አፈሩ ደግሞ ድሃ ነው። በጣም ድሃ። በፐርዝ ሜዳ ላይ ግራጫ አሸዋ ነው፣ በእጃችሁ ዘግናችሁ ስትለቁት እንደ ስኳር ይፈስሳል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዳርሊንግ ተራሮች ስትወጡ ጠጠር የበዛበት ቀይ ቡናማ አፈር ይሆናል። ባልጋ ሁለቱም ላይ አለ፣ በወንዝ ዳርም አለ፣ ሸክላ በተቀላቀለበትም አለ። ከፐርዝ ሰሜን ጀምሮ እስከ ደቡቡ ጠረፍ፣ እስከ አልባኒ አካባቢ ድረስ ታገኙታላችሁ። አንድ የሚያመሳስለው ነገር ቢኖር በዚህ ሁሉ ቦታ አፈሩ ብዙም ምግብ የለውም፣ በተለይ ፎስፈረስ። እንግዲህ አንድ ሰው ለዚህ ዛፍ ለጎመንና ለቲማቲም የሚሆን ማዳበሪያ ሲያፈስለት ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት።

ጎረቤቶቹንም እወቁ። ተራራው ላይ ከጃራ ሥር ነው የሚኖረው። ጃራ የባሕር ዛፍ ወገን ነው፣ አዲስ አበባ ከምናውቀው ግን ዝርያው ይለያል። ሜዳው ላይ ደግሞ ባንክሲያ ከሚባሉት፣ አበባቸው እንደ በቆሎ ራስ ከሚቆመው ዛፎች ጋር ነው። ባሕር ዛፍ አገራችን ላይ በጥቂት ዓመት ቤት የሚሠራበት እንጨት ይሆናል። ባልጋ በዚያው ዓመታት አንድ ስንዝር ቢያድግ ነው።

የት ሄዳችሁ ታዩታላችሁ? መኪና ከሌላችሁ ኪንግስ ፓርክ ይበቃል። መሐል ከተማው አጠገብ ነው፣ 400 ሄክታር ያህል ሲሆን አብዛኛው የተፈጥሮ ጫካ ነው። መኪና ካላችሁ ጆን ፎረስት ብሔራዊ ፓርክ ሂዱ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ባልጋው ከጃራ ሥር በጠጠሩ ላይ ተሰልፎ ስለሚታይ። አበባውን ማየት ከፈለጋችሁ ከጁን እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ደግሞ ሌላውም የዱር አበባ የሚፈነዳበት ስለሆነ ልጆች ይወዱታል። በዚያ ወቅት እባብም ከተደበቀበት ይወጣል። ድፍን ጫማ አድርጉ፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ በደረቀው ቅጠል ሥር እጃችሁን አታስገቡ።

እንዴት ትለዩታላችሁ

ቅጠሉን ያዙት። አንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አንከባልሉት። ጠፍጣፋ አይደለም፣ አራት ማዕዘን አለው፣ ጠርዙ ይሰማችኋል። ጎንበስ ስታደርጉት ደግሞ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሣር እንዲህ አያደርግም።

ግንዱን እዩ። ጥቁር ነው፣ ሸካራ ነው፣ የተቃጠለ ይመስላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ተቃጥሎ ነው። እውነቱን ለመናገር እንደ ሌላ ዛፍ እንጨት አይደለም። የሞቱ ቅጠሎች ሥራቸው ብቻ ቀርቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ በራሱ ሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ግድግዳ ነው። ዛንቶሪያ የሚለው ስምም «ቢጫ ፍሳሽ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣው በዚህ ሙጫ ምክንያት ነው፣ የባልጋው ሙጫ ወደ ቀይ ቢያደላም። ለረጅም ጊዜ እሳት ያልደረሰበት ባልጋ ደግሞ ግንዱ አይታይም። ደረቁ ቅጠል ከአናቱ እስከ መሬት ተንጠልጥሎ፣ ልክ እንደ ጎጆ ክዳን ዙሪያውን ይሸፍነዋል።

የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኪንጊያ የሚባል ዛፍ ነው። አንድ ጫካ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ግንዳቸውም ይመሳሰላል፣ ዘመዳሞች ግን አይደሉም። አናቱን እዩ፦ ባልጋ ከአንድ ራስ አንድ ረጅም ዘንግ ያወጣል፣ ኪንጊያ ግን በአናቱ ዙሪያ ብዙ አጫጭር የከበሮ መምቻ የሚመስሉ አበቦች ይኖሩታል፣ ቅጠሉም ብርማ ነው። ሁለተኛው ዛንቶሪያ ግራሲሊስ ነው፣ ይሄ የባልጋ የቅርብ ወንድም ነው። ግን ከመሬት በላይ ግንድ አያወጣም፣ ዘንጉም ቀጭን ነው። ትንሽ ባልጋ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ሲያብብ ካገኛችሁት ጥቂት ቁሙ። ዘንጉ ሰው የሚያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ነው፣ አበቦቹ ነጭ ወደ ክሬም የሚሄዱ፣ ማር ማር የሚሸት። ንቡ፣ ጉንዳኑ፣ ማር የሚመጥጡ ወፎች ሁሉ እዚያው ናቸው። አሁን የትኛው ጎን ቀድሞ እንደፈነዳ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በሰሜን በኩል ያለው ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን ነው የምትውለው፣ የሞቀው ጎን ይቀድማል። ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ በኮምፓስ አረጋገጠ። ልክ ነበር።

ዕድሜውንና እሳቱን ማንበብ

ባልጋ እንደ ሌላ ዛፍ ተቆርጦ የሚቆጠር ቀለበት የለውም። ሻካራ ግምት ግን ማውጣት ይቻላል። ግንዱ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከመሬት እስከ ቅጠሉ መነሻ በዓይናችሁ ለኩ። አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ከ75 እስከ 150 ዓመት ማለት ነው። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ አንድ ባልጋ ጆን ፎረስት ውስጥ አለ፣ በሄድኩ ቁጥር አጠገቡ እቆማለሁ። በዚህ ሂሳብ አድዋ ላይ ጦርነቱ ሲደረግ እሱ እዚህ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

እሳትን በተመለከተ መጀመሪያ ልቤ የሚሰበር ነበር። የተቃጠለ ጫካ ሳይ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከእሳት በኋላ ባልጋ ለማየት ሆነ ብዬ ነው የምሄደው። የሚያድገው ጫፍ ከቅጠሎቹ ሥር ጠልቆ የተደበቀ ስለሆነ እሳቱ አይደርስበትም። ቅጠሉ ይነዳል፣ ግንዱ ይጠቁራል፣ ከዚያ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አመዱ መሐል አረንጓዴ ብቅ ይላል። በሚቀጥለው የአበባ ወቅት ደግሞ ያ ሁሉ የተቃጠለ ባልጋ ባንድ ላይ ዘንጉን ያወጣል። በጭሱ ውስጥ ያለ ኤትሊን የሚባል ጋዝ የሣር ዛፎችን ለአበባ እንደሚቀሰቅስ ይታወቃል። ሙዝ ከበሰለ ፍሬ ጋር ሲቀመጥ ቶሎ የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው።

ተመራማሪዎች ግንዱ ላይ ያለውን የቅጠል ሥር ፍቀው ሲያዩት ክሬምና ቡናማ መስመሮች አገኙ፣ ለየዓመቱ አንድ ጥንድ፣ በመሐል ደግሞ እሳት ያለፈበትን ዓመት የሚያሳይ ጥቁር። ከዚህ ተነሥተው በ2001 ያወጡት ጥናት ከሰፋሪዎች በፊት ኑንጋሮች ጫካውን በየጥቂት ዓመቱ በትንንሽ እሳት ያቃጥሉ እንደነበር ይላል። ሁሉም ሳይንቲስት አልተቀበለውም፣ ክርክሩ አለ። እኔ ግን አንድ ዛፍ በሰውነቱ ላይ የመቶ ዓመት ማስታወሻ ይዞ መቆሙ በራሱ ይገርመኛል።

ኑንጋሮች ከዚህ ዛፍ ያልተጠቀሙበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሙጫውን በእሳት አለስልሰው፣ ከሰልና የደረቀ የካንጋሮ እበት ቀላቅለው ድንጋዩን ከመጥረቢያ እጀታ ጋር ያጣብቁበታል፣ ያ መጥረቢያ ኮጅ ይባላል። የደረቀውን ዘንግ አሽተው እሳት ያስነሡበታል። አበባውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ጣፋጭ መጠጥ ያወጡበታል። በሞተ ግንድ ውስጥ የሚገኘውን ባርዲ የሚባል ትል ይበሉታል። ቅጠሉ ደግሞ ለመጠለያ ክዳን ነበር። ኪንግስ ፓርክ ውስጥ በኑንጋር አስጎብኚዎች የሚመራ ጉዞ ካገኛችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከእኔ ጽሑፍ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ጫማችሁን ጥረጉ

ይሄን በትልቁ ልጻፈው ብዬ ነበር። ባልጋን እሳት አይገድለውም፣ ጫማችሁ ላይ ያለው ጭቃ ግን ሊገድለው ይችላል። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ ከውጭ የገባ ተባይ አለ፣ እዚህ ሰው ዳይባክ ይለዋል። ድንች ማሳ ላይ በአንድ ሳምንት ሁሉን የሚያጠቁረው በሽታ የዚሁ ወገን ነው። በእርጥብ አፈር ውስጥ ይዋኛል፣ ሥር ይበላል፣ ዛፉ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ባልጋ በቀላሉ ከሚጠቁት አንዱ ነው፣ እንዲያውም ባለሙያዎች በሽታው መድረሱን የሚያውቁት ባልጋው ሲሞት አይተው ነው። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ባልጋ ባንድነት ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ፣ አናቱ ወድቆ ካያችሁ ምናልባት እሱ ነው። አንዴ አፈሩ ውስጥ ከገባ ማጥፊያ የለም፣ ፎስፋይት የሚባል መድኃኒት ዛፉ እንዲቋቋም ይረዳዋል እንጂ።

ስለዚህ መግቢያው ላይ የጫማ ማጽጃ ብሩሽ ካለ ቁሙና ጥረጉ። ከሌለ ቤት በደረቁ አራግፉ፣ ከዚያ አልኮል ያለው መርጫ ንፉበት። ስትገቡም ስትወጡም። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጭቃ መንገድ ላይ መሄድ ቢቀር ይሻላል። የልጆች ጋሪ ጎማም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ግቢያችሁ

በመጀመሪያ ከጫካ አትቁረጡ፣ አትንቀሉ፣ ዘርም አትልቀሙ። በምዕራብ አውስትራሊያ የአገሬው ዕፅዋት በ2016 በወጣው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ያለ ፈቃድ መውሰድ ወንጀል ነው። የሚሸጡት ትልልቅ ባልጋዎች ለመንገድ፣ ለቤት ወይም ለማዕድን ሊጠረግ ከነበረ መሬት በፈቃድ የተነሡ መሆን አለባቸው። ሻጩ ፈቃዱን ያሳያችሁ። ማሳየት ካልፈለገ ውጡ።

ይሄን በምክር ብቻ አይደለም የምላችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ሰው ርካሽ ባልጋ ገዛሁ። ምልክት አልነበረውም፣ ጥያቄም አልጠየቅኩም። አንድ ሜትር የሚሆን ግንድ ነበረው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ። ተከልኩት፣ አጠጣሁት፣ ዓመት አለፈ፣ አሁንም አረንጓዴ። በሁለተኛው በጋ መሐሉን ጎተት ሳደርገው ቅጠሉ ተሰብስቦ በእጄ ቀረ፣ ሥሩ ሸተተ። ሞቶ ነበር፣ ለብዙ ወራት። ግንዱ ውስጥ ያጠራቀመውን ምግብ እየበላ ነበር አረንጓዴ ሆኖ የቆየው። ሲነቀል ሥሩን ቆርጠውት ነበር። ምናልባት መቶ ዓመት የቆመ ነገር በእኔ ችኮላ ሞተ፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ ትልቅ የምትገዙ ከሆነ፣ ተነቅሎ በሻጩ ዘንድ ቢያንስ ዓመት የቆየና አዲስ ቅጠል ያወጣ ምረጡ። መሐሉን ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ፣ ጠንክሮ መያዝ አለበት። የታችኛው ቅጠል ቡናማ መሆን ጤነኛ ነው፣ የመሐሉ ቡናማ መሆን ግን ክፉ ምልክት ነው። ከዘር በማሰሮ ያደገ ትንሹን ከገዛችሁ በጣም ይረክሳል፣ የመሞት ዕድሉም ያነሰ ነው፣ እኔ ለወዳጄ የመከርኩት እሱን ነው። ሁለት ገዛ።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ውሃ የማይቋጥር ይሁን፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ከጣራ አሸንዳ የሚወርድ ውሃ የሚያርፍበት አይሁን፣ በየቀኑ የሚጠጣ የሣር ሜዳ መሐልም አይሁን። አፈራችሁ ሸክላ ከሆነ ጉብታ ሠርታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ደረቁ ቅጠል እንደ ችቦ ነው የሚነደው፣ ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳና ከእንጨት አጥር አርቁት፣ በተለይ ተራራው አካባቢ የምትኖሩ።

ጊዜው የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ነው፣ ሜይ ወይም ጁን። ጉድጓዱ ከማሰሮው እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከማሰሮው አይበልጥ። ሥሩን አታፍታቱት፣ አታጥቡት፣ ከነአፈሩ አስገቡት። ድሮ የነበረበት የአፈር ልክ አሁንም ያው ይሁን፣ ግንዱን በአፈር አትቅበሩት። የወጣውን አፈር መልሱበት፣ ፍግ አትጨምሩበት። ረግጣችሁ አታጠንክሩት፣ ውሃ ራሱ ያስቀምጠዋል። ዙሪያውን ጉዝጓዝ አድርጉ፣ ግንዱን ግን አይንካ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ሥሩ ላይ በደንብ አጠጡ፣ በጎማ፣ ቀስ ብሎ፣ አናቱን ሳይሆን መሬቱን። ፐርዝ ውስጥ ስፕሪንክለር በሳምንት 2 ቀን ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ከጁን እስከ ኦገስት ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም፣ በእጅ በጎማ ማጠጣት ግን ይቻላል። ከዚያ በኋላ ተዉት። ማዳበሪያ የግድ ካላችሁ ለአገሬው ዕፅዋት የተዘጋጀ፣ ፎስፈረሱ ያነሰ ግዙ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቂት።

ደረቁን ቅጠል መቁረጥ ይገባል ወይ ብሎ ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ዛፉ አይፈልገውም። ጫካ ውስጥ በዚያ ክዳን ሥር ማርዶ የሚባል አይጥ የሚያህል ትንሽ እንስሳ ይኖራል፣ እንሽላሊቱም ይጠለላል። ለእሳት ስጋት ካልሆነ እኔ አልቆርጠውም። የምትቆርጡ ከሆነ በአትክልት መቀስ ከታች ጀምራችሁ፣ ረጅም እጅጌና ጓንት ለብሳችሁ፣ አረንጓዴውን ሳትነኩ። አንዳንዱ ሰው አበባ እንዲያወጣ ብሎ ግቢ ውስጥ በእሳት ያቃጥለዋል። በበጋ እሳት መለኮስ የሚከለከልባቸው ወራትና ቀኖች አሉ፣ ቅጣቱም ከባድ ነው፣ የጎረቤት ቤትም አለ። አታድርጉት።

ከዘር ማብቀል

ትዕግሥት ላለው፣ በተለይ ልጆች ላሉት፣ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ዘሩን ፈቃድ ካለው ሻጭ ትገዛላችሁ። ጥቁር ነው፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ከጥቁር አዝሙድ ተለቅ ይላል። አሸዋ የበዛበት አፈር በማሰሮ ሙሉ፣ ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት፣ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ጠብቁ፣ ግን አይጨቅይ። ጭስም ሙቅ ውሃም አያስፈልገውም። ለማብቀል ሳምንታት ይወስዳል፣ አንዳንዱ ወራት። ስለዚህ በወሩ ባዶ ነው ብላችሁ አትድፉት።

ሲወጣ አንድ ክር ነው፣ አረም ነው ብሎ ሰው ሊነቅለው ይችላል፣ ምልክት አድርጉበት። ለረጅም ጊዜ የሣር እፍኝ መስሎ ነው የሚቆየው። ከመሬት በላይ ግንድ ለማየት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ መጠበቅ አለ። ማሰሮውን ደጋግማችሁ አትቀያይሩ፣ ሥሩ ሲነካ አይወድም።

እኔና ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት 12 ዘር ዘርተን 7 በቅለውልናል። አንዱን ቀንድ አውጣ በላው። ስድስቱ በረንዳ ላይ ናቸው፣ የረጅሙ ቅጠል አሁን ከልጄ ክንድ ይበልጣል፣ ሁለቱን በመጪው ሜይ መሬት ላይ ልናወርዳቸው ነው። ቦታውን እሷ መርጣለች፣ ያኛው የሞተበት ጥግ አይደለም፣ ከበሩ በስተግራ፣ ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታርፍበት።